በቢሮና በቢሮ መካከል የሚወድቅ ተማሪ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ጥር ወር አንድ ጓደኛችንን ኤርፖርት ድረስ መሸኘታችን ነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ የመጀመሪያ ዓመቱን ብዙዎቻችን የምንመኘውን ውጤት ይዞ ነው የጨረሰው። ያደረገው ነገር ቢኖር በጥቅምት ወር አንድ ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ኮርስ መሰረዙ ነው። ሲስተሙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው፤ «አዎ» የሚለውን ተጫነ፤ አለቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተማሪነት መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰው። ነገሩ ይህ ብቻ አልነበረም፤ የቀረውን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እኔ የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በትምህርታችን አንድ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ተበላሽቶ ሲገኝ ማን እንዳበላሸው ከመጠየቃችን በፊት ከየትኛው እጅ ወደየትኛው እጅ ሲተላለፍ እንደተበላሸ እንፈልጋለን። ጓደኛችንን ሸኝተን ስንመለስ ይህንኑ ጥያቄ ስለኛው ጉዞ ለመጠየቅ ወሰንን። እናም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሆነን ፌርፋክስ ላይ፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ካሉት ቤቶች በአንዱ ተቀመጥን። ጠረጴዛው ላይ ረጅም ነጭ ወረቀት ዘርግተን፣ እያንዳንዳችን ከኮሌጅ የተቀባይነት ደብዳቤ ካገኘንበት ቀን ጀምሮ እስከዛሬ የሄድንባቸውን ቢሮዎች በሣጥን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሄድንበትን መንገድ በቀስት ሣልን። በቀስቱ ላይ ስንት ቀን እንደጠበቅንና ማን እንደነገረን ጻፍን። ቡና ሦስት ጊዜ ተቀዳ፤ ወረቀቱ ላይም ፈሰሰ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ያየነው ነገር እኔን አስገርሞኛል። በየሣጥኑ ውስጥ ያለው ሥራ በአብዛኛው ደህና ነው። የመግቢያ ቢሮው ሥራውን ያውቃል፤ የጤና ክፍሉም፣ የክፍያ ቢሮውም፣ ሬጅስትራሩም እንዲሁ። የታመሙት ቀስቶቹ ናቸው። ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ስንተላለፍ የሚያስረክበን የለም፤ የሚረከበንም የለም። ዩኒቨርሲቲ ራሱን የሚያየው በቢሮ ተከፋፍሎ ነው፤ ተማሪው ግን አብዛኛውን ችግሩን የሚያየው በቢሮና በቢሮ መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤት ንብረት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር «ርክክብ» የሚባል ነገር አለ፦ አስረካቢ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል፣ ቅጂው በፋይል ይቀመጣል። ለወንበርና ለጠረጴዛ የሚደረገው ይህ ነገር ለተማሪ አይደረግም።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የቢሮና የሰው ስም አልጠራም። ደንብ ሳነሣም ጠበቃ አለመሆኔን አትርሱ፤ ለየራሳችሁ ጉዳይ የኮሌጃችሁን አማካሪ ጠይቁ።

ከመምጣት በፊት

ከኢትዮጵያ የሚነሣ ተማሪ የሚያልፍበት ቅደም ተከተል ይታወቃል። ኮሌጁ ተቀብሎት የገንዘብ ማስረጃውን ሲያይ አይ 20 የሚባለውን ቅጽ ይሰጠዋል። በቅጹ ላይ ባለው ቁጥር ለሴቪስ 350 ዶላር ይከፍላል። ሴቪስ ማለት ከ2003 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚከታተልበት የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። ቀጥሎ ዲኤስ 160 የሚባለውን ማመልከቻ ሞልቶ፣ የቪዛ ክፍያ ከፍሎ፣ አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ግን የሴቪስ ክፍያ በዶላር የሚከፈል ነው፤ የአገር ቤት የባንክ ካርድ ደግሞ ለዚህ ዓይነት የኦንላይን ክፍያ ብዙ ጊዜ አያገለግልም። ስለዚህ አሜሪካ ያለ አጎት ወይም የአክስት ልጅ ይለመናል። ኮሌጁ «ቦታህን ለመያዝ በ10 ቀን ውስጥ ቅድሚያ ክፍያ ፈጽም» ብሎ ሲጽፍ፣ 10 ቀኑ የተቆጠረው ኪሱ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ላለው ሰው ነው። እኔ ያለፍኩት አጎቴ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ በ9ኛው ቀን ስለከፈለልኝ ነው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ትራንስክሪፕቴ 12ኛ ክፍልን በ2013 እንዳጠናቀቅሁ ይናገራል። ዓ.ም. መሆኑን የሚገልጽ ነገር አልነበረውም። በ2022 መጀመሪያ ላይ ከመግቢያ ቢሮ «ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ምን ስትሠራ እንደነበር በጽሑፍ አብራራ» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ፈራሁ፤ ምክንያቱም መልሴ ታይቶ ፋይሌ እስኪንቀሳቀስ አራት ሳምንት ፈጅቷል። አራት ሳምንት ማለት ለቪዛ ቀጠሮ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው አንድ ሴሚስተር ሊሆን ይችላል። የሚያስቆጨው ደግሞ ከኔ በፊት በዚያው ኮሌጅ ያለፉ ኢትዮጵያውያን ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቀው መመለሳቸው ነው። መልሱ አንዴ ተጽፎ ለፋይል መርማሪዎቹ ቢሰጥ ኖሮ ጥያቄው ዳግም ባልተነሣ።

የስማችንን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም አለን፤ የቤተሰብ ስም የለንም። ፎርሙ ግን የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ይጠይቃል። በአንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም «የመጨረሻ» ሲሆን፣ በዚያ ላይ «ፀ» በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ዓይነት ሲጻፍ፣ ኮሌጁ ለአንድ ሰው ሁለት ፋይል ይከፍታል። የቋንቋ ፈተና ውጤቴ በአንደኛው ፋይል፣ ማመልከቻዬ በሌላኛው ተቀምጠው ነበር። «የፈተና ውጤትህ አልደረሰንም» የሚለውን ኢሜይል ሦስት ጊዜ ተቀብያለሁ። ለአዲስ አመልካቾች ምክሬ አንድ ነው፦ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን የስም አጻጻፍ፣ ደስ ባይላችሁም እንኳ፣ ለሁሉም ነገር ተጠቀሙበት።

ቪዛ የተከለከለ ተማሪ ጉዳይ ደግሞ አለ። ቪዛ ሲከለከል ተማሪው ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ እንደገና ይሞክራል፤ ለዚህም ለሚቀጥለው ሴሚስተር የተስተካከለ አይ 20 ያስፈልገዋል። ይህን የሚሰጠው አንዱ ቢሮ ነው። የዶርም ቅድሚያ ክፍያውን ማስተላለፍ የሌላው፣ ስኮላርሺፑን ማቆየት የሦስተኛው። ከስድስታችን አንዷ አይ 20ዋ በአምስት ቀን ተስተካክሎላት ስኮላርሺፑ ግን «በመስከረም አልተመዘገበችም» ተብሎ ተሰርዞባት ነው የመጣችው።

የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት

የኤፍ 1 ተማሪ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው አሜሪካ መግባት የሚችለው። ኮሌጁ ደግሞ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ተማሪው መጥቶ መመዝገቡን በሴቪስ ላይ ማረጋገጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው በመዝገቡ ላይ የመጻፍ ሥልጣን ያለው የኮሌጁ ሠራተኛ፣ እኛ ዲኤስኦ የምንለው ሰው ነው። ተማሪው ኮርስ ካልተመዘገበ ዲኤስኦው ማረጋገጥ አይችልም።

እኔ በነሐሴ 2022 ስደርስ የኮሌጁን ኢሜይል ለመክፈት ስልኬ ላይ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ያስፈልግ ነበር። ቁጥሩ የሚላከው በማመልከቻዬ ላይ ወደሞላሁት ስልክ ነው። ያ ሲም ካርድ አዲስ አበባ፣ እማዬ ጋ ቀርቷል። በበጋ ሎስ አንጀለስ ከአዲስ አበባ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቢሮ ቆሜ «ላክ» ስል እዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። እማዬን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ፣ መነጽሯን ፈልጋ፣ ቁጥሩን እስክታነብልኝ ጊዜው ያልፋል። በሦስተኛው ሙከራ አካውንቱ ተቆለፈ። የኮምፒዩተር ክፍሉ «የተማሪ መታወቂያ አምጣ» አለኝ። መታወቂያ ሰጪው «መጀመሪያ ኢሜይልህን ክፈት» አለኝ። የጤና ክፍሉ የክትባት ማስረጃዬን የምልክበት ገጽ የሚከፈተው በዚያው ኢሜይል ነው። ማስረጃው ስላልገባ ሆልድ የሚሉት እግድ ተጣለብኝ፤ እግድ ያለበት ተማሪ ኮርስ አይመዘገብም።

ትምህርት በተጀመረ በ17ኛው ቀን የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት ሁኔታዬን አይታ ተነሣች። «ና፣ አብረን እንሂድ» ብላ ከቢሮ ቢሮ በእግሯ ወሰደችኝ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ነገሩን በራሷ ቃል አስረዳችልኝ። ሁሉም ነገር በ40 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ሥራዋ አልነበረም። ዛሬ እዚያ ኮሌጅ ውስጥ የለችም፤ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። ወረቀቱ ላይ የሷን ቀስት በቀይ ሣልነው፤ ምክንያቱም ከስድስታችን አራቱ እንዲህ ያለ አንድ «የሷ ዓይነት ሰው» ነበራቸው። የተቀሩት ሁለቱ አልነበራቸውም፤ ከነሱ አንደኛው ያ የሸኘነው ልጅ ቢሆን ማለትም ስድስተኛው ሣጥን የተሣለው እሱ በስልክ እየነገረን ነው።

ስለ ጤና ማስረጃ ካነሣሁ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን የቲቢ መከላከያ የሆነውን የቢሲጂ ክትባት ወስደናል። በቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ቢሲጂ የወሰደን ሰው በሽታው ሳይኖርበት «አለበት» ሊል ይችላል፤ ከዚያ ራጅ፣ ከራጅ በኋላ ሌላ ቀጠሮ ይመጣል። የደም ምርመራው በቢሲጂ አይታወክም። የጤና ክፍሉ ምርጫ ከሰጣችሁ የደሙን ጠይቁ። ይህን ያወቅሁት ሁለት ሳምንት ካባከንኩ በኋላ ከአንዲት የነርሲንግ ተማሪ ነው።

ብር ሲወድቅ

አሁን ወደ ጓደኛችን ልመለስ። በነሐሴ 2023 መጥቶ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በሰላም ተማረ። የሚከፍሉለት አባቱ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም በጁላይ 29፣ 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ዋጋ በገበያ እንዲተመን ወሰነ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 10,000 ዶላር ለመላክ 570,000 ብር ይበቃው የነበረ ቤተሰብ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ያስፈልገው ጀመር። የሱቁ ሽያጭ ግን እጥፍ አልሆነም። የገንዘብ ማስረጃው አይ 20 ሲወጣ ትክክል ነበር፤ በአንድ ክረምት ውስጥ ግማሹ ተነነ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የጽሑፌ ዋና ነገር ይህ ነው። የኤፍ 1 ተማሪ ከካምፓስ ውጭ መሥራት አይችልም ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በሕጋዊ ስታተስ የተማረ ሰው፣ ከቁጥጥሩ ውጭ የሆነና ያልጠበቀው ከባድ የገንዘብ ችግር ከደረሰበት፣ በዲኤስኦው ድጋፍ ለኢሚግሬሽን አመልክቶ ከካምፓስ ውጭ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የመሥራት ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ደንቡ ለእንዲህ ዓይነት ችግር ምሳሌ አድርጎ ከሚጠቅሳቸው ነገሮች አንዱ የገንዘብ ምንዛሪ ዋጋ ከፍተኛ መዋዠቅ ነው። ልክ እኛ ላይ የደረሰው። ማመልከቻው ነፃ አይደለም፣ ውጤቱም ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ፈቃድ እንደሚገኝም ዋስትና የለም። ቢሆንም በሩ አለ። ለዚያ ልጅ በነሐሴ 2024 «ይህ በር አለ» ያለው ሰው አልነበረም።

የክፍያ ቢሮው ልጁ ዘግይቶ እየከፈለ መሆኑን ያውቃል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ሁለት ጊዜ ልኮለታል። የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮው ደንቡን ያውቃል። ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው የሚናገርበት አሠራር ግን የለም። በጥቅምት ልጁ የሦስት ዩኒት ኮርስ ሰርዞ የከፊሉን ክፍያ ለማዳን አሰበ። 12 ዩኒት የነበረው 9 ሆነ። ለኤፍ 1 የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሙሉ ጭነት ቢያንስ 12 ዩኒት ነው፤ ከዚያ በታች ለመውረድ ዲኤስኦው አስቀድሞ መፍቀድ አለበት፤ የገንዘብ ችግር ደግሞ ለዚህ ፈቃድ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። የሬጅስትራሩ ሲስተም ግን ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም። ለሁሉም ተማሪ ያው «እርግጠኛ ነህ?» ነው።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ስታተስን ለማስመለስ ማመልከት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ያቆየሁት ነገር የሚመጣው። ያለ ፈቃድ የሠራ ተማሪ ይህ መንገድ ይዘጋበታል። ልጁ ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ ሰሐን እያጠበ በጥሬ ገንዘብ ይከፈለው ነበር። በሕጋዊ መንገድ ሊጠይቀው ይችል የነበረውን ነገር በሕገወጥ መንገድ አደረገው፤ ያ ደግሞ የመመለሻውን በር ዘጋበት።

ፌርፋክስ የሚሰጠው ምክር

ሥራውን ያገኙለት የኛው ሰዎች ናቸው። ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ያደርኩበትን ክፍል ያገኘሁት እዚያው ሰፈር ከአንድ ሱቅ መስታወት ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ከተማው «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ለዚያ የፌርፋክስ ክፍል በይፋ ከሰጠበት ከ2002 በፊትም ሆነ በኋላ፣ ለአዲስ መጪ እንጀራም፣ አልጋም፣ ሥራም የሚገኘው እዚያ ነው። አንድም ኮሌጅ የማይሠራውን የርክክብ ሥራ ይሠራል፦ አንዱ ጋሼ ለሌላው ይደውላሉ፣ «የእገሌ ልጅ ነው፣ ተቀበሉት» ይላሉ፣ ያበቃል።

ችግሩ ምክሩ የሚመጣው ሌላ ወረቀት ይዘው ከመጡ ሰዎች መሆኑ ነው። ለጓደኛችን «ልጄ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው» ያሉት አባት የመጡት በ1980ዎቹ በስደተኛነት ነው። ሌሎቹ በዲቪ መጥተዋል። ስደተኛና የዲቪ ባለዕድል ከመጣበት ቀን ጀምሮ መሥራት ይችላል። የነገሩት ሁሉ በነሱ ሕይወት እውነት ነው። ለኤፍ 1 ሲሆን ግን መርዝ ነው። እሳቸውም ይህን ሲያውቁ ምን ያህል እንዳዘኑ አይቻለሁ፤ ለትኬቱ ያዋጡትም እሳቸው ናቸው።

ምን ይደረግ?

ኮሌጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ አዲስ አፕ ያሠራሉ፤ ወይም ኦሬንቴሽኑን ከአንድ ቀን ወደ ሦስት ቀን ያስረዝማሉ። በኔ ግምት ሁለቱም ብዙ አይረዱም። ከረጅም በረራ በኋላ በሁለተኛው ቀን ስለ ስታተስ የተነገረኝን አንዲት ቃል አላስታውስም። ትምህርቱ መምጣት ያለበት ነገሩ በሚደርስበት ቀን ነው።

ስለዚህ ለኮሌጃችን ያቀረብነው ሐሳብ ቢሮዎቹን ሳይነካ ቀስቶቹን ይመለከታል። በመጀመሪያ፣ የኤፍ 1 ተማሪ ከ12 ዩኒት በታች የሚያወርደውን ስረዛ ሲሞክር ሲስተሙ እንዲያቆመውና ወደ ዲኤስኦው እንዲመራው ነው የጠየቅነው። የክፍያ ቢሮ ለአንድ የውጭ ተማሪ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሲልክ ቅጂው ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ይድረስ፤ እዚያም ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው ተማሪውን በሳምንት ውስጥ ጠርቶ ያነጋግር። በአንድ አገር ላይ ጦርነት ወይም የምንዛሪ መናጋት ሲደርስ ከዚያ አገር ለመጡ ተማሪዎች ሁሉ ምን መብት እንዳላቸው የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይላክ። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት ለተቸገሩ ኢትዮጵያውያን የኤፍ 1 ተማሪዎች የሥራ ደንቡን የሚያላላ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ ከኛ መካከል በጊዜው የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከቨርጂኒያ ያለች እህቱ ነግራው። የስልክ ማረጋገጫውም ተማሪው የአሜሪካ ሲም እስኪያወጣ ድረስ በሌላ ኢሜይል ይሁን። ይህ የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም በስብሰባው ላይ ረጅሙን ክርክር ያስነሣው እሱ ነው።

ሁለት ተቃውሞ ገጠመን። አንደኛው «የተማሪን መረጃ ከቢሮ ቢሮ ማስተላለፍ የግል ምስጢር ሕግን ይጥሳል» የሚል ነው። ፈርፓ የሚባለው የ1974 ሕግ ማለታቸው ነው። ሕጉ ግን ለትምህርት ሥራ መረጃው የሚያስፈልጋቸው የዚያው ትምህርት ቤት ሠራተኞች እርስ በርስ እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ዲኤስኦዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሥራ በዝቶባቸዋል። እውነት ነው፤ አንደኛዋን ሳነጋግራት ምሳዋን ኪቦርድ ላይ ነበር የምትበላው። ግን መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣው ሥራ ቀድሞ ከሚደረግ የ15 ደቂቃ ውይይት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን እሷም አልካደችም።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስለሚሸጋገሩትም ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ብዙ ጓደኞቻችን ዋጋው ስለሚቀል በሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ፣ በሎስ አንጀለስ ሲቲ ኮሌጅ ወይም በዌስት ሎስ አንጀለስ ኮሌጅ ይጀምራሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ካምፓሶች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመጡ የቅበላ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዩሲኤልኤና በርክሌይ ግን ከነዚህ ውስጥ አይደሉም፤ ይህን ሳያውቅ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ ሰው አለ። ሲሸጋገሩ ደግሞ ትራንስክሪፕት መላክ ብቻ አይበቃም፤ የሴቪስ መዝገቡም በተወሰነ ቀን ከአሮጌው ኮሌጅ ወደ አዲሱ መለቀቅ አለበት። ካምፓስ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ከዚያ ቀን በኋላ በአሮጌው ኮሌጅ መሥራት አይቻልም። ቀኑን ከሁለቱም ዲኤስኦዎች ጋር ተነጋግራችሁ ምረጡ።

በነገራችን ላይ፣ አገራችንም የውጭ ተማሪ ተቀባይ ነበረች። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በንጉሡ ስኮላርሺፕ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች መቀበል ጀመረ። ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር አብረው እየኖሩ የነሱን ፖለቲካ ለኛዎቹ አጋቡ፤ ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ የጻፉ የታሪክ ሰዎች ይህን ሳያነሡ አያልፉም። ማንን ከማን ጋር እንደምታኖር መወሰን የዶርም ቢሮ ተራ ሥራ ይመስላል። ኮሌጃችን ግን አዲስ የውጭ ተማሪዎችን የሚያኖረው ሌላው ሁሉ ከመረጠ በኋላ በተረፈው ክፍል ነው።

ወረቀቱን ቡናው እንደፈሰሰበት ይዘን ሄድን። ኮሌጁ የኮርስ ስረዛውን ማቆሚያ ከመጪው መስከረም ጀምሮ እሞክራለሁ ብሏል። የክፍያ ማስጠንቀቂያውን ነገር «እናየዋለን» አሉን። እኛ በበኩላችን የዲኤስኦ ቢሮው አይቶ ያረመው አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ አዘጋጅተናል፦ ኤፍ 1 ምን ይፈቅዳል፣ ምን አይፈቅድም፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ማን ይጠየቃል። ፌርፋክስ ላይ ባሉ ሱቆች መስታወት ላይ፣ ከክፍል ኪራይ ማስታወቂያዎቹ አጠገብ፣ ለጥፈነዋል። የመጀመሪያውን የለጠፉት እኚያው ጋሼ ናቸው።

ጓደኛችን አዲስ አበባ ሆኖ እንደገና እያመለከተ ነው። አዲስ አይ 20፣ አዲስ 350 ዶላር። የድሮ ኮሌጁን ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ «ያልከፈልከው ዕዳ ስላለ አንሰጥም» ተባለ። በካሊፎርኒያ ግን ከ2020 ጀምሮ ኮሌጅ በዕዳ ምክንያት ትራንስክሪፕት መያዝ በሕግ ተከልክሏል። ሕጉን ፈልገን ላክንለት፤ እሱም ለኮሌጁ ላከው። ትራንስክሪፕቱ በሳምንቱ ደረሰው። የአባቱ ስም አንድ ፊደል ይጎድለዋል፤ እሱን ለማስተካከል ፎርም ሞልቷል።